የታጠበው አንቀልባ

መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። ስለ የሺሀረግ ግን ትንሽ ልበል።

የሺሀረግ ከውጫሌ ገጠር የመጣች ናት። ልጅ አልወለደችም። እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ናት። ልጄ ሉብና ጡት ከተወች ወዲህ እሷ ዘንድ ትውላለች። እኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ አጸዳለሁ። ጀልባ ማለዳ ነው የሚገባ፤ የዘገየች ሴት ቦታዋን ሌላ ትይዝባታለች።

ማቆያው አንድ ልማድ አለው። እናት አሮጌ አንቀልባዋን እዚያው ትተዋለች። ልጅ የእናቱ ጠረን ካለ ዝም ብሎ ይተኛል። የኔው ዓሣ ዓሣ ይላል መሰለኝ፤ ሉብና ግን ያለሱ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሐሙስ ልጄን ልወስድ ስሄድ የሺሀረግ አንቀልባዬን አጥባ፣ አጣጥፋ ሰጠችኝ።

"ምነው?" አልኳት።

"ቆሽሾ ነው፣ የሉብና እናት።"

"ታዲያ ለምን እዚሁ አይቀመጥም?"

"ኧረ አንቺ ደግሞ! አጥቤልሽ ልትቆጪኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ዓይኔን ግን አላየችም።

በሩ ላይ ስደርስ እናቶቹ ሁሉ የታጠፈ አንቀልባ ይዘዋል። የሁሉም ባንድ ቀን ቆሸሸ?

ሞግዚቶቹ ሥራ ሊያቆሙ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ለካ ነገ ነው። ደመወዝ ከቀረባቸው ቆይቷል። ወላሂ፣ ሐቃቸው ነው። ግን ለምን ትደብቀኛለች? ነገ ልጄን የት ላድርጋት? ደግሞ ያልተከፈላት ሰው ልጄን በምን ሆዷ ስትይዝ ነበር? ቤት ገብቼ የሉብናን ክንድ አገላብጬ አየሁ። ምንም የለባትም። እሱም ልቤን አላሳረፈው።

ዓርብ ማለዳ ሉብናን አዝዬ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። ሞግዚቶቹ ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ማቆያውን ከሚያስተዳድረው ቢሮ የመጣ ሰውዬ ቆሞ ይቆጣል።

"ለወላጅ ሳይናገሩ ነው የዘጉት! ሳይናገር የዘጋ ይሰናበታል፣ በቃ! አንቺ፣ ባለ ልጅዋ፣ ነግረውሻል?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ ሰው ፊት አፌ ይያዛል። አልነገሩኝም ብል ዛሬውኑ ሌላ ሞግዚት አምጥቶ ይከፍተው ይሆናል። ያችን ሌላዋን ደግሞ ማን ያውቃታል?

"ነግራኛለች" አልኩ።

"ማን? መቼ?"

"የሺሀረግ። ትናንት።"

ሰውዬው አጉተመተመና ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሄደ። የሺሀረግ ተነስታ እጇን ዘረጋች።

"ስጪኝ፣ ጀልባው ሳያመልጥሽ።"

"ሥራ አቁመሽ የለ?"

"አቁሜያለሁ። ዛሬ ጎረቤትሽ ነኝ፤ አብሽሪ።"

ሉብና ቀድማኝ ወደ እሷ ተንጠራራች። የሺሀረግ እጇን የዘረጋችው ስላዳንኳት ይሁን፣ ልጄን ወዳ ይሁን፣ አላወቅኩም። ሰጠኋትና ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። ቶሎ ቶሎ ግን እየዞርኩ አያለሁ።