ጋሼ በፈረንሳይኛ ያወጡት ምስጢሬ

አጎቴ ጋሼ ባቡር ላይ ሲሠሩ በለመዱት ፈረንሳይኛ ልብ ወለድና የሬዲዮ ድራማ ይጽፉ ነበር። አዳማ ያለው የሽንኩርት መደብሬ እየመጡ፣ "እስቲ አጫውተኝ፤ እኔ ጋ የገባ አይወጣም" ይሉኛል። አባቴ ሲያጣጥር ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ዋጋ እስኪወርድ ብዬ ቡልቡላ እንደቆየሁ፣ ለቤተሰቡ ግን "መኪና ተበላሸብኝ" ብዬ እንደዋሸሁ የነገርኩት ለእሳቸው ብቻ ነው።

ጋሼ አርፈው በአርባቸው ተዝካር ዕለት ፈረንሳይኛ የተማረችው እህቴ መጽሐፋቸውን እየተረጎመች አነበበችልን። ሽንኩርቱም ቡልቡላም ውሸቱም አለ። ስሜን ቀይረዋል፤ ቦርጬን ግን እንዳለ ትተውታል።

እናቴ ቀና ብላ፣ "ልጄ፣ መኪናው ደህና ነበር እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ጋሼ፣ እኔ ሽንኩርት ስሸጥ እርስዎ እኔን ይሸጡ ኖሯል። ነፍስዎን ይማር፤ ግን ተቀይሜዎታለሁ። የሚብሰው ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስብኝ የማወራው ለእርስዎ ብቻ ነበር።