ለታክስ ልብስ ሰፊ፣ ለመድረክ ማዳም ቃሪያ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አርባ ዶላር ተከፈለኝ። ለዚያች አርባ ዶላር ብዬ ጓንት፣ ወገብ ማጥበቂያ ኮርሴት፣ ላባና ባለተረከዝ ጫማ በመቶ ሰማንያ ገዝቼ ነበር። መደመርና መቀነስ የሚችል ሰው በዚያው ቀን ያቆም ነበር። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቀጠልኩ።

ቦታው አዳምስ ሞርጋን የሚባል ሰፈር፣ አንድ ባር ፎቅ ላይ፣ የእሁድ ረፋድ የብረንች ሾው ነው። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሴ ቆማለች፤ እኔ እንቁላል ጥብስ ለሚበሉ ሰዎች ጓንቴን አወልቃለሁ። ሥራው በርሌስክ ይባላል። ለማያውቀው ልንገር፦ አጊጦ መድረክ መውጣትና፣ በሙዚቃ እየቀለዱ ልብስን አንድ በአንድ ማውለቅ ነው። መለመላን መቅረት የለም፤ መሸፈን ያለበት በሙጫ ተለጥፎ ይቀራል። አንዷን ጓንት ለማውለቅ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ክፍያው ደግሞ ከጓንቱም ይዘገያል።

የመድረክ ስሜ ማዳም ቃሪያ ነበር። አዘጋጇ ያችን አርባ ዶላር በዚሁ ስም ቼክ ጽፋ ሰጠችኝ። በማግስቱ ባንክ ሄድኩ። ገንዘብ ከፋይዋ ቼኩን አየች፣ መታወቂያዬን አየች፣ እኔን አየች። "ማዳም ቃሪያ ራሷ ለምን አልመጣችም?" አለችኝ። እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቼኩን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ በካሽ ካልሆነ አልሠራም አልኩ። ብልጥ መሆኔ ነው እንግዲህ!

በእኛ ሥራም ማዕረግ አለ። ጀማሪ ሌሎቹ ያወለቁትን ከመድረክ ትለቅማለች። ቀጥላ ሾው ከፋች ትሆናለች። የመጨረሻዋ፣ ስሟ ፖስተሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው፣ ሾው ዘጊ ናት። ዘጊ ለመሆን ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ክፍያዬም ከአርባ ወደ ሁለት መቶ አደገ። ከሁለት መቶው ላይ ፓርኪንግ፣ ሙጫና ላባ ቀንሱና የቀረውን ንገሩኝ።

ለሰው ሁሉ ልብስ ሰፊ ነኝ እል ነበር። ጭራሽ ውሸት አይደለም፤ የባልደረቦቼን የመድረክ ልብስ በክፍያ እሰፋለሁ። እውነቱን መናገር ግን አፍር ነበር። መቶ ሰው ፊት ኮርሴቷን የምትፈታ ሴት፣ ሴቨን ኮርነርስ ቢሮ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ፊት ስትደርስ ምላሷ ይተሳሰራል።

ሽማግሌው ታክሴን የሚሠሩልኝ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። በየዓመቱ የስፌቱን ገቢ ብቻ፣ አሥራ አራት ሺህ ገደማ፣ እነግራቸዋለሁ። ስለ መድረኩ ካሽ ጭጭ። አንድ ዓመት ታዲያ የላባ ደረሰኝ ከወረቀቶቼ ጋር ተቀላቅሎ እጃቸው ገባ።

"የስድስት መቶ ዶላር ላባ?" አሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። "ዶሮ ማርባት ጀመርሽ እንዴ ልጄ?"

"ትራስ ልሠራበት ነው ጋሼ።"

"ጎሽ፣ ለራስሽ ከሆነ ታክስ ላይ አይገባም" ብለው ደረሰኙን መለሱልኝ። ስድስት መቶ ዶላር ከገቢዬ ላይ ከሚቀነስልኝ ትራስ ሰፊ መባሉን መረጥኩ።

የመድረኩ ካሽ የሚሄደው እቁብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሃያ አምስት ሴቶች በወር ስድስት ስድስት መቶ እንጥላለን። ሰብሳቢያችን እትዬ አልጋነሽ አንድ ቀን የዘገየችን ሴት በሰው ፊት ስሟን ጠርተው ልክ ልኳን ይነግሯታል፤ እንደሳቸው ያስቆጠበኝ ባንክ የለም። ዕጣው ሲወጣልኝ አሥራ አምስት ሺህ ዶላር በፖስታ አስታቀፉኝ።

ገንዘቡን የፈለግሁት ለእናቴ ነው። የምንኖረው ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ነበር፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው አሥራ አራት ደረጃ ነው። ጉልበቷ ታሞ ስለነበር እየተቀመጠች ነበር የምትወርደው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሊፍት ያለው ሕንፃ ላይ ኮንዶ አገኘሁና ወሰድኳት። ሊፍቱን ሦስት ጊዜ ወጣችበት፣ ሦስት ጊዜ ወረደችበት። ቤቱን ሳታየው "ይሄ ይሁን" አለች።

የቤት ብድር የሚያስፈቅድልኝ ሎን ኦፊሰር ሮቤል የሚባል እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። በስልክ የማገኘውን ሁሉ ስነግረው "ኖ ፕሮብሌም ሲስተር" ብሎ ብድር ሊፈቀድልኝ እንደሚችል የሚገልጸውን የመጀመሪያ ደብዳቤ ሰጠኝ። ሻጩ እንዲመርጠኝ ብዬም፣ ሎኑ ካልተፈቀደ ቀብዴ ይመለስ የሚለውን መስመር ከውሉ አስወጣሁ። ሦስት ሺህ ቀብድ ከፈልኩ፤ የቀረውን አሥራ ሁለት ሺህ ባንክ አስገባሁ።

ከዚያ ሮቤል የታክስ ወረቀቴን አየና ኮል አደረገኝ። "ሲስተር፣ ይሄ ትንሽ ነው። አሥራ ሁለት ሺውስ ከየት መጣ?"

ማስረጃ አያጡም ብዬ እትዬ አልጋነሽ ጋ ሮጥኩ። "ለሁለት ዓመት፣ በየወሩ ስድስት መቶ ዶላር፣ አንድም ቀን ሳታዛንፍ ከፍላለች" ብለው ጽፈው ፈረሙልኝ። አስተረጎምኩትና ደረቴን ነፍቼ ሮቤል ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

ሮቤል ካልኩሌተሩን አነሳ። "እቁብ በዓመት ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። ቤት ኪራይ አሥራ ሦስት ሺህ። ኢንከምሽ አሥራ አራት ሺህ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ምግብ አትበሉም?"

ቆጣቢነቴን ያሳይልኛል ያልኩት ደብዳቤ ገቢዬን መደበቄን በፊርማ አረጋገጠ። ሎኑ ተከለከለ። ቀብዱ ቀለጠ። ኮንዶውን ሌላ ሰው ገዛው።

ጋሽ ታፈሰ ጋ ሄድኩና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጓንቱን፣ ኮርሴቱን፣ ሙጫውን። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ይሄን ኮርሴት ለብሰሽ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትችያለሽ?"

"ኧረ ጋሼ! እግዜር ያሳይዎት!"

"የምጠይቅሽ እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው። ከመድረክ ውጭ የሚለበስ ልብስ አይቀነስም። የማይለበስ ከሆነ ይቀነሳል። ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"ይቀነሳል። ጓንቱስ?"

እንዲህ እያልን ዕቃዬን በሙሉ አንድ በአንድ አለፍነው። እኔ ለዓመታት ያፈርኩበትን ልብስ ሁሉ እሳቸው በሰማያዊ እስክርቢቶ ወጪ ብለው መዘገቡት። የሦስት ዓመቱን ታክስ አስተካከሉልኝ፤ ከነቅጣቱ አሥራ ሁለቱን ሺህ ጠራርጎ ወሰደው። "ለሎን እንግዲህ ሁለት ዓመት ንጹሕ ወረቀት ያስፈልግሻል" አሉኝ።

ሁለቱን ዓመት ጠበቅን። በሁለተኛው ክረምት እናቴ በረዶ ላይ አዳልጧት ከደረጃው ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ሁለቱ ዓመት ሲሞላ፣ እንደገና በቆጠብኩት ገንዘብ አሌክሳንድሪያ ሌላ ኮንዶ ገዛሁ፤ ሊፍቱ ውስጥ በዊልቸር ገፍቼ አስገባኋት።

በገባን ሳምንት እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ሥራዬን ነገርኳት። ታለቅሳለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ነበር።

"ይህችኑ ለመደበቅ ነው ሁለት ዓመት ደረጃ ላይ ያቆየሽኝ?" አለች።

እግሯን በብርድ ልብስ ሸፈንኩላት።

አሁን መድረኩን ትቼዋለሁ። ጀማሪዎች እየደወሉ ስለ ገንዘብ አያያዝ ይጠይቁኛል። የተቀበላችሁትን ካሽ በሳምንቱ ባንክ አስገቡ፤ ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ምን ትሠራላችሁ ሲል የምትሠሩትን ንገሩት።