የጉሌድ ወተት

ሕመሙ የጀመረው በላብ ነው። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለኝና ቢሮ ውስጥ ጃኬት እደርባለሁ። ሲመሽ ትኩሳቱ ይነሣል፤ ሲነጋ አንሶላዬ ተጨምቆ የሚሰጣ ይሆናል። ከዚያ ለጥቂት ቀን ደህና እሆናለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። ጅግጅጋ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሬዲዮ ዘጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር የመንገድ ድካም ነው ብዬ ማለፍ ልማዴ ነበር። ይህን የምጽፈው የሚሄድና የሚመጣ ትኩሳት ይዟችሁ ከክሊኒክ ክሊኒክ ለምትዞሩ ነው።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ። ትኩሳቱ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያም ታይፎይድ አሉኝ። ከዚያ ወገቤ ተያዘ። ከዚያ የዘር ፍሬዬ አበጠ። ወንዶች ይህን አያወሩም፤ እኔ የጻፍኩት ምልክቱ ስለሆነ ነው።

በሁለተኛው ክሊኒክ አንድ የጤና መኮንን የተለመዱትን ጥያቄዎች ጠየቀኝ። ከብት ታረባለህ? አላረባም። "የግመል ወተት..." ብሎ ጀመረና ቀና ሲል አንገቴ ላይ ማተቤን አየ። "ይሄ እንኳን አንተን አይመለከትም" ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን የግመል ሥጋም ወተትም እንደማይቀምስ በጅግጅጋ ልጅ አዋቂው ያውቃል። እኔም ጥያቄው ያን ያህል ቁም ነገር አለው ብዬ ስላላሰብኩ ዝም አልኩ።

እኔ ግን የግመል ወተት እጠጣ ነበር።

በ2010 ክረምት ጅግጅጋ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል፣ ሱቅ ሲዘረፍ፣ ሰው ሲገደል፣ እኔን፣ ባለቤቴን ጽጌንና ልጆቻችንን ያወጣን ጉሌድ ነው። ጉሌድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ቤተሰቡ ደግሞ ቶጎ ውጫሌ ከድንበሩ ማዶ። በጭነት መኪናው ላይ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል አስተኝቶ አሻገረን። ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ ሆዳን በጭስ በታጠነ ዕቃ የግመል ወተት አቀረበች። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ሌላ የሚበላ አልነበረም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ሩዝ ነበር። የጠጣሁት ያዳነኝን ሰው እጅ መመለስ ስላልቻልኩ ነው።

ከተማው ሲረጋጋ ተመለስን። እኔና ጉሌድ በአንድ የሽማግሌዎች ቡድን ውስጥ ገባን፤ ቄስም ሼኽም ነበሩበት። የተዘረፈ ዕቃ እያስመለስን፣ የሸሸውን ባለሱቅ ወደ ሱቁ እየመለስን፣ በየበሩ እየተሰደብን ከረምን። ለዘገባ ወደ ድንበር በወጣሁ ቁጥር እሱ ቤት እገባለሁ፤ በገባሁ ቁጥር እጠጣለሁ። የንስሐ አባቴ ያውቁ ነበር። ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ፤ ደግሞ ጠጣሁ።

አንድ ጠዋት ከአልጋዬ መነሣት አቃተኝ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ጮኽኩ። ጽጌና ጎረቤት በብርድ ልብስ ተሸክመው ሆስፒታል አስገቡኝ።

ያከመችኝ ዶክተር የጅግጅጋ ልጅ ናት፤ ሶማሌ ናት። እሷም ማተቤን አየች።

"ይቅርታ፣ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ጥሬ የግመል ወተት ትጠጣለህ?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ጽጌ መለሰች። "ይጠጣል ዶክተር። ጓደኛው ቤት በሄደ ቁጥር ይጠጣል።"

ደሜ እንደገና ተመረመረ። ብሩሴሎሲስ ነበር፤ ከእንስሳት በጥሬ ወተት የሚተላለፍ በሽታ። አከርካሪዬ ውስጥ ገብቷል። ዶክተሯ ስፖንዲላይተስ ብላ ጻፈችው፤ ለእኔ ደግሞ "አጥንትህን እየበላው ነው" ብላ ተረጎመችልኝ። ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ታዘዘልኝ፤ ለመጀመሪያው ሰሞን የጄንታማይሲን መርፌም ተጨመረበት። ሽንቴ ብርቱካንማ ሆነ። ሆዴ ምግብ አልቀበል አለ። ዶክተሯ ከክፍሌ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና፣ "ከዚያ ወተት የጠጣ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ይመርመር፤ ልብ ውስጥ ከገባ ይገድላል" አለችኝ።

ጉሌድ ትዝ አለኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ ሸሚዙ በላብ ርሶ ሁለቴ ቀይሮ ነበር። ወባ ነው ብሎኛል።

ደወልኩለት። "ወላሎ!" አለ፤ በሶማሊኛ ወንድሜ ማለቱ ነው። "አሁንም ወገብህ ነው? አንተ እኮ ተቀምጦ በማውራት የታመምክ የመጀመሪያው ሰው ነህ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ነገርኩት።

"ወተቴ መርዝ ነው እያልከኝ ነው?"

"መርዝ አላልኩም። ይፈላ ነው ያልኩት። አንተም ተመርመር።"

"ያን ጊዜ ስትጠጣው ደህና ነበር፤ ዛሬ መርዝ ሆነ?"

ስልኩን ዘጋው።

ወሬ ከእኔ ቀድሞ ከሆስፒታል ወጣ። የእኛ ሰፈር ሰዎች ሊጠይቁኝ እየመጡ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ "አልነገርንህም? አጠጥተው ጨረሱህ" ይሉኝ ነበር። ድንበር ማዶ ደግሞ ጉሌድን፣ "ሐበሻው ነፍሱን አትርፈህለት ወተትህን ሰደበ" ይሉት ነበር። ሁለቱም ወገን የሚጠብቀውን ነገር አገኘ። ጉሌድ ከሽማግሌዎቹ ስብሰባ ቀረ። ለዕርቅ ቀጠሮ የሰጠናቸው ባለሱቆች፣ እናንተም ተጣላችሁ እኮ፣ እያሉ በር ዘጉብን።

በዱላ መራመድ ስጀምር ቶጎ ውጫሌ ሄድኩ። ጉሌድ ከስቷል፤ ደረጃውን ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። እጄን ጨበጠና አስቀመጠኝ። ሆዳን ወተት አቀረበች። ጥሬ ነው።

"ጠጣ" አለኝ። "ከጠጣህ ነገ ጅግጅጋ ሄጄ እመረመራለሁ። ሶማሌ በሰጠው ቃል አይቀልድም።"

ወደ ሆዳን ዞርኩ። "እባክሽ እህቴ፣ አፍልተሽ አምጪልኝ። ያኔ እጠጣዋለሁ።"

"በቤቴ ወተት አይፈላም" አለ ጉሌድ። "የፈላ ወተት የሞተ ወተት ነው።"

ዕቃው መሐላችን ተቀምጧል። አልጠጣሁም። ተነሣሁ። እሱም እስከ በሩ አልሸኘኝም።

ብጠጣ ኖሮ እያላችሁ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ዶክተሯን ጠየቅኳት። "አንተን መልሰን እናክምህ ይሆናል" አለችኝ። "እሱ ግን ያኔውኑ ሳይዘገይ አልቀረም።" ሳይዘገይ አልቀረም ማለት ዘግይቷል ማለት አይደለም። ልዩነቱን አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው።

ጉሌድን መተንፈስ ሲያቅተው ጅግጅጋ አመጡት። የልብ ቫልቩ ተበልቷል። ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ነው፤ ለመንገድ የሚበቃ አቅም አልነበረውም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነርሷ ሻይ በወተት አመጣችለት። ሽታውን ሳበና ወደ እኔ አየ።

"የፈላ ነው፣ ወላሎ?"

"የፈላ ነው።"

"እንግዲህ አሸነፍክ" አለ። አልሳቀም። በማግስቱ ሞተ።

ቀብሩ በዕለቱ ነበር። መቃብሩ ጋ ስደርስ አንዳንዶቹ ማተቤን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። አንድ ወጣት፣ "ገዳዩ መጣ" አለ በሶማሊኛ፤ እንደምሰማው ያውቃል። የጉሌድ ታላቅ ወንድም ወጣቱን ገፋ አደረገና አካፋውን ሰጠኝ። ወገቤ አልፈቀደልኝም። በእጄ አፈር ወረወርኩ። ከእኛ ሰፈር "አልነገርንህም" ካሉኝ ሰዎች አንዱም አልመጣም። ከእኛ ወገን ለቅሶ ቤቱ የደረሱት ከሽማግሌዎቹ ቡድን ጋር የመጡት ቄሱ ብቻ ናቸው።

መድኃኒቴን ለወራት ወስጄ ጨረስኩ። ቀስ በቀስ ዱላውን በገበያ ቀን ብቻ፣ ኋላም ዳገት ላይ ብቻ፣ ኋላም በር ጥግ አቁሜው መውጣት ጀመርኩ፤ ዛሬም ብርድ ሲሆን አከርካሪዬ ያስታውሰኛል፣ ረጅም መንገድም በመኪና አልቀመጥም፤ ግን እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ ቅዳሴም ቆሜ አስቀድሳለሁ። ማተቤን አይታ ጥያቄዋን ያልዋጠችውን ዶክተር አመሰግናለሁ። በእኔ ፈንታ እውነቱን የተናገረችውን ጽጌን አመሰግናለሁ። ጉሌድን አመሰግናለሁ፤ እኔን ያዳነ እሱ ነው፣ ያሳመመኝም እሱ ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

ለታመማችሁ የምላችሁ ይህ ነው። ትኩሳታችሁ እየሄደ ከተመለሰና ላብና የወገብ ሕመም ካለበት፣ ታይፎይድ ነው የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ። የበላችሁትንና የጠጣችሁትን ማንም ባይጠይቃችሁም ተናገሩ፤ ሃይማኖታችሁ የማይፈቅደውንም ጭምር። መድኃኒቱን ደህና ሆንኩ ብላችሁ አታቋርጡ። ወተት አፍሉ። የሚያቀርብላችሁ ሰው ከተቀየመ፣ ሳይመሽበት ደግማችሁ ሂዱ። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሄድኩት።

ባለፈው ሆዳን ለጉዳይ ጅግጅጋ መጥታ ቤታችን ጎራ አለች። ከድንበር ማዶ ወተት ይዛ ነበር። ከጽጌ ጋር ወጥ ቤት ገቡ፤ እስኪንተከተክ ቆመው ጠበቁት። በብርጭቆ አቀረበችልኝና፣ "ፈልቷል" አለችኝ።

ጠጣሁት። ጉሌድ አልዋሸም፤ ጣዕሙ ሌላ ነው።