ያስተረጎምኩላት ልጅ

ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ አርብ አርብ የሳዑዲዋ ጂዛን ከተማ ሆስፒታል እየሄድኩ፣ አረብኛ ለማያውቁ ያገሬ ልጆች አስተረጉማለሁ። ማንም አልቀጠረኝም። የምሠራላትን ማዳም ላሳክም የሄድኩ ዕለት አንዲት ልጅ መናገር አቅቷት ስታለቅስ አይቼ ጣልቃ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ነርሶቹ ሲቸግራቸው ይደውሉልኛል። ማዳሜም አሮጊት ናትና «ለነፍስሽ ነው፣ ሂጂ» ትለኛለች።

ይቺን ልጅ ያመጧት ድንበሩ ላይ ካለው ከአል-ሐርስ ተራራ ነው። ከየመን ስትሻገር ገደል ገብታ፣ አብረዋት የነበሩት ትተዋት ሄደው፣ ወታደሮች ናቸው ያገኟት። ሰላም ስላት የወሎ ሰው መሆኔን ካነጋገሬ አውቃ ፈገግ አለች። በኔ ስልክ እናቷ ዘንድ ደውላ ደኅና ነኝ፣ ሥራም አግኝቻለሁ አለቻት። ድምፅዋን ለማስተካከል ስትታገል አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይገተር ነበር።

ሐኪሙ መጥቶ ቁስሉ ደሟን እንደመረዘው፣ መድኃኒቱም እምቢ እንዳለ ነገረኝ። «ኸላስ»፣ አበቃ፣ ብሎ አንገቱን ደፋ። ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። መድኃኒት ይቀየርልሻል ነው የሚለው አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝና «እማማ፣ ኸላስን እኮ የመን ለምጃታለሁ» አለች።

 እጇን ያዝኩ። ያጎቷን ቁጥር በቃሏ ነገረችኝና «እናቴ ብቻዋን ናት። ሰው ሳይከባት እንዳትሰማ» አለችኝ።

በማግስቱ አረፈች። አጎቷ ዘንድ ደውዬ ነገርኩት። ሽማግሎች ይዤ ነገ ጎህ ሲቀድ እናትየዋ ዘንድ እገባለሁ፣ እስከዚያ እንዳትሰማ አደራ አለኝ። ከሰዓት ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጮኸ። የእናትየዋ ቁጥር ነው። ጮኸ፣ ቆመ፣ ደግሞ ጮኸ። ማዳሜ ለምን አታነሺም ብትለኝ ነገርኳት። አሮጊቷ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስልኩ እስኪተወን ድረስም አልተነሳችም።

ልጅቷን ከሁለት ያገሬ ሴቶች ጋር አጥበን፣ እንደ ወጉ ፀጉሯን ጎንጉነን ከፈንናት።

ለቅሶው ሲበርድ እናትየዋ ደወለች። ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀስ ብላ ልጄን ያጠብሻት አንቺ ነሽ ወይ አለች። ነኝ አልኳት።

«ፀጉሯንስ ማን ጎነጎነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ። ፀጉሯ ብዙ ነው፣ አድክሞሽ ይሆናል።»

አላደከመኝም አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩና፣ ለገዛ እናቴ መርዶ እንኳ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

በዚያ አርብ ሆስፒታል ሳልሄድ ቀረሁ። በሚቀጥለው ነርሷ ደወለች፤ ደርብ ከሚባለው ከተማ እርሻ የመጣ ያገርሽ ሽማግሌ ምን እንደሚያመው ማስረዳት አቅቶታል አለችኝ። አባያዬን ፈልጌ ወጣሁ።