የጠፋችው የመርፌ ጫፍ

ያንን በጋ እዚያ ፋብሪካ የነበረ ሰው አይረሳውም። የቆርቆሮው ጣራ ገና በጠዋቱ ይግላል፤ ከጣራው ሥር የሚሰፋው ደግሞ ለሰው አገር ብርድ የሚሆን የሕፃናት ቱታ ነው፤ ውስጡ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ገና ሲያዩት ላብ የሚያመጣ። ብናኙ አፍንጫ ይገባል፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ "አረጀሽ እኮ አንቺ!" እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ክሩ ከአንድ አገር፣ ጨርቁ ከሌላ አገር፣ ቁልፉ ከሌላ ይመጣል፤ እነሱ እጅ ላይ ተገናኝቶ ልብስ ይሆንና በመርከብ ይሄዳል። ማን እንደሚለብሰው የሚያውቅ የለም።

ቀጮ የምትሰፋው አንገትጌ ነበር። ቀጮ ያሏት ጓደኞቿ ናቸው፤ ቀጭን ሆና ቁመቷ ዝም ብሎ የተመዘዘ ስለሆነ። ከእህቷና ከእህቷ ሕፃን ልጅ ጋር በአንዲት ክፍል ትኖራለች። የእህቷ ባል ከሄደ ቆይቷል፤ ቤቱ የሚተዳደረው በቀጮ እጅ ነው።

ፋብሪካው አንድ ሕግ ነበረው። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው እስከ ጫፉ ተለቅሞ ካልመጣ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ጫፉ ከጠፋ መስመሩ በሙሉ ቆሞ የተሰፋው ሁሉ ይፈተሻል፤ የመስመሩ አለቃ፣ ካቦው፣ የሚናገረው አይጣል ነው። ሴቶቹም ዘዴ አበጁ። ከገበያ መርፌ ይገዛሉ፣ ጫፉን ይሰብራሉ፣ ለክፉ ቀን ብለው ማሽናቸው ሥር በፕላስተር ይለጥፉታል።

የቀጮ መርፌ የተሰበረው ጭነቱ ሊወጣ ሲጣደፉ ነው። ጉማጁን አገኘችው፤ ጫፉ የለም። ጠረጴዛውን ዳበሰች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ወለሉን በመዳፏ ጠረገች።

"ምን ሆነሽ ነው እንደ ዶሮ መሬት የምትጭሪው?" አሏት አጠገቧ የሚሰፉት፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸው ትልቅ ሴት።

"ጫፉ ጠፋብኝ እትዬ።"

እትዬ ቀና እንኳ ሳይሉ እጃቸውን ከማሽናቸው ሥር ሰደዱና አንዲት ጫፍ መዳፏ ላይ አኖሩላት። "ሂጂ፣ ይቺን ጨምረሽ ስጪና አዲስ ተቀበዪ። ፊትሽን ግን አስተካክዪው።"

"ልብሱ ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ?"

"መፈተሻው ማሽን ለምን ተቀመጠ? ብረት ካለ ይጮኻል። ወሬ አታብዢ፤ የልጆቼ እንጀራ እዚህ ነው ያለው።"

ሰጠች፣ ተቀበለች፣ ሰፋች። ጆሮዋ ግን ከዚያ ማሽን አልላቀቅ አለ። ይጮኻል ብላ ትጠብቃለች፣ ባይጮኽ ብላ ትለምናለች፤ ሁለቱም ያስፈራታል። ቤት ገብታ የእህቷን ልጅ ስታለብስ አንገቱን ደጋግማ ትዳብሳለች።

"ምን ትፈልጊበታለሽ? ቅማል አለው አሉሽ?" አለች እህቷ እየሳቀች።

ቀጮ አልሳቀችም። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ታነሳዋለች። ይሄ ርቦት ነው፤ ያኛው፣ ሰው አገር ያለው ሲያለቅስስ? እናቱ ርቦት ነው ብላ ብታልፈውስ?

በማግስቱ ምሳ ላይ ካርቶን የሚያሽጉት ወንዶች ሲቀልዱ ሰማች። መፈተሻው ማሽን ከተበላሸ ሰንብቷል፤ መብራቱ ብቻ ነው የሚበራው። ጭነቱ ጠጋኝ አይጠብቅም ተብሎ ዝም ብሎ ያልፋል።

"ጋሼ ማሽን ጡረታ ወጥተዋል" አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። ቀጮ ምሳዋን ከድና ተነሳች።

እትዬን ውሃ መቅጃው ጋ ጠበቀቻቸው።

"ልናገር ነው እትዬ።"

"ማንን ይዘሽ ልትወድቂ?"

"ራሴን።"

"ጫፏን ከየት አመጣሽ ቢሉሽስ?"

"ከገበያ ገዛሁ እላለሁ።"

እትዬ አዩዋት፣ አዩዋትና "የልጆቼን እንጀራ አደራ" አሉና ውሃቸውን ይዘው ሄዱ።

ካቦው ሲሰማ አልተቆጣም። የመጋዘኑን ቁልፍ አንስቶ ወጣ፤ እሱ ይበልጥ አስፈራት። መጋዘን የቀሩት ካርቶኖች ተከፈቱ፣ ቱታዎቹ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ፣ በእጅ በሚያዝ ማግኔት አንድ በአንድ ይፈተሹ ጀመር። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ። ሰው ሁሉ ከሰለቸ በኋላ ማግኔቱ አንዲት ጫፍ ያዘ። ካቦው ጫፏን በጥፍሩ አውጥቶ ቀጮ ካስረከበችው ጉማጅ ጋር ገጠማት። አልገጠመችም። ወፍራም ናት፤ ደግሞም የወጣችው ከእጅጌ ነው። ቀጮ እጅጌ ሰፍታ አታውቅም።

"ይቺ የማን ናት?" አለ ካቦው።

ሴቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ቀጮ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምትፈራው አንዲት ጫፍ ብቻ ነበር።

የራሷ ጫፍ ግን አልተገኘችም። የመጀመሪያው መኪና ጠዋት ወደ ወደብ ወጥቷል፤ ይመለስ ቢባል መርከቡ ያመልጣል ተባለ። ቀጮ የካቦውን ክንድ ይዛ መኪናውን አስመልሱት ብላ ለመነችው።

"አንቺ ከእንግዲህ እዚህ ሥራ የለሽም። ምን አገባሽ?" አላት።

የእትዬን ስም አላነሳችም። እትዬም እስከ በሩ አልሸኟትም፤ አጎንብሰው ይሰፉ ነበር።

ከዚያ ሌላ ፋብሪካ አልቀበል አላት፤ ወሬው ቀድሟት ይደርሳል። እህቷ የሰው ልብስ እያጠበች፣ እሷ ሕፃኑን እየያዘች ከረሙ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከውጭ የሚመጣ ልባሽ ጨርቅ በሚፈታበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ የሕፃናቱን ልብስ ክምር አንገትጌ አንገትጌውን በጣቷ እየዳበሰች የምትለየው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አየኋት ያለ የለም።