የመጽሔቶቹ መደርደሪያና የኬሚስትሪው ሽልማት

ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመዋል። የኬሚስትሪ መምህሩ መስኮቱ ጥግ ነው፤ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኔትወርክ የሚገባው በዚያ በኩል ብቻ ስለሆነ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። የጎረቤቱ ደብር የቅኔ መምህር፣ የኔታ፣ እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ ሊያነቡ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አናጢው መዶሻውን ይዞ የመጽሔቶቹ መደርደሪያ ሥር ቆሟል። እኔ ከጠረጴዛዬ ኋላ ቆሜ ነበር።

የሚጠበቀው የዓለም ትልቁ የኬሚስትሪ ሽልማት ነው። አናጢው የሚጠብቀው ግን የእኔን መሳሳት ነበር።

የሳይንስ መጽሔቶቹን የሰጡን ጓሳ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ሊያጠኑ የሚመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ በካርቶን እያሰሩ ይተዉልናል። ርዕሰ መምህሩ መደርደሪያው ተነቅሎ በቦታው ወንበር እንዲገባ፣ ወረቀቱም ለሱቆች መጠቅለያ እንዲሰጥ ወሰኑ። ማንም አያነባቸውም አሉ። እኔ አነባለሁ አልኩ። ምን እንዳገኘሁባቸው ሲጠይቁኝ፣ ዘንድሮ የኬሚስትሪውን ሽልማት የሚያገኘውን ሰው አውቃለሁ አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ፤ ግን አልመለስኩትም።

«ዓምናም አውቃለሁ ብለው ነበር እኮ፣ እማማ» አሉኝ።

«ዓምና ተሳስቻለሁ።»

«እንግዲያው ስሙን ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉ። ከሆነ መጽሔቶቹ ይቀመጣሉ። አናጢው ረቡዕ ሽልማቱ ሲነገር መጥቶ ይጠብቃል፤ ካልሆነ ይነቅላል።»

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሚተካኝ ስላልተገኘ ቤተ መጻሕፍቱን የምጠብቀው አሁንም እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከመጽሔቶቹ ግማሹን አልረዳም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ ሲያልቅ ጸሐፊው በሥራቸው የተጠቀመባቸውን ሰዎች ስም ይዘረዝራል። ያንን ማንም ማንበብ ይችላል። ለየስሙ ካርድ አውጥቼ፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር በእርሳስ አስምሬ የጠሪውን ስምና የሚሠራበትን ቦታ አጠገቡ እጽፍ ነበር። ዓምና ብዙ መስመር ያለውን መርጬ ተሳሳትኩ።

ክረምቱን ስለዚያ ነገር ሳስብ ከረምኩ። አባቴ የጓሳን ሣር ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። አዲስ ጠባቂ አባት ሲመረጥ አገሬው ሁሉ ይጠየቃል፤ የዘመድ ቃል ግን አይያዝም። አጎቱን የሚያመሰግን ሰው ሲነሳ ቁጭ በል ይባላል። ይህ ትዝ ሲለኝ ዓምና የመረጥኩትን ሰው ካርድ አወጣሁ። ስሙን ከጠሩት አብዛኞቹ የገዛ ተማሪዎቹና አብረውት የሚሠሩ ነበሩ። ካርዶቹን ሁሉ እንደገና ይዤ፣ የራስ ሰው የጠራውን መስመር እየሰረዝኩ ሄድኩ። ከላይ የነበሩት ወደ ታች ወረዱ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ብቻ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ጥቃቅን ነገሮችን ከፈሳሽ ለይቶ የመመዘኛ ዘዴ ያወጡ ናቸው። መድኃኒት የሚያጠናው፣ አፈር የሚያጠናው፣ ወተት የሚያጠናው ሳይቀር ይጠራቸዋል። ፎቶግራፋቸውን ግን አንድም መጽሔት ላይ አላየሁም። ስማቸውን ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«የእኔ ሰው ሁለት ጊዜ ሽፋን ላይ ወጥቷል» አለ የኬሚስትሪ መምህሩ። «እርስዎ የመረጧቸውን ሴትዮ ማን ያውቃቸዋል?»

«እኔም ዕጣቸውን ለማየት ስማቸውን በፊደል ቁጥር ልደምረው ነበር» አሉ የኔታ። «የእናታቸውን ስም የሚነግረኝ ጠፋ።»

«የፈረንጅ ስምም ይደመራል እንዴ፣ የኔታ?» አለ መምህሩ።

«ምነው፣ ፈረንጅ እናት የለውም?»

አናጢው ሳቀ። «እኔስ ልንቀል ወይስ ልሂድ? አጥር ጀምሬ ትቼ ነው የመጣሁት።»

ለሰባት ሩብ ጉዳይ ላይ ከስልኩ ድምፅ መጣ። መምህሩ እየሰማ ይነግረን ጀመር። ተሸላሚዎቹ ሦስት ናቸው አለ። የመጀመሪያው ወንድ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ስም አይደለም። ሁለተኛውም ወንድ ነው። ርዕሰ መምህሩ አናጢውን አዩት። አናጢው የመዶሻውን ቀንድ ታችኛው ጣውላ ሥር አስገባ።

ሦስተኛው ስም ሲጠራ መምህሩ ወደ በሩ ዞሮ ወረቀቱን አየ፤ ስልኩን አየ፤ ወረቀቱን ደግሞ አየ።

«ተው፣ አትንቀል» አለው አናጢውን። «እማማ፣ እሳቸው ናቸው።»

ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ተቀብለው፣ ወረቀቱ አጠገብ አድርገው፣ ስሙን ፊደል በፊደል አመሳከሩ። ለባለሥልጣን እንኳ የማይነሱት የኔታ ከአግዳሚው ተነሡ፤ እስክቀመጥም ቆመው ጠበቁኝ። ደስ አለኝ። 

«አራት ዓመት ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ» አለ መምህሩ።

«አንተ ሽፋኑን ነው ያየኸው» አሉት የኔታ።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጽሔቶቹ ባሉበት ይቀመጡ» አሉ። አናጢውንም፣ «እንግዲህ ከመጣህ አይቀር አጠገቡ ሌላ መደርደሪያ ሥራ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለከርሞስ ማንን ይላሉ?»

«ካርዶቹ እዚህ አሉ። ማስመሩን ለተማሪዎቹ አሳያቸዋለሁ፤ እነሱ ይንገሩዎት።»

የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።