ሰንጢ የተቀማ ሰው

በማግስቱ ከአዘዞ አውሮፕላን ልሳፈር፣ ማታ እንፍራንዝ ቤታችን ተሰብስበን ሳለ አባዬ ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ስትታጠፍ ከጣት የማትበልጥ፣ የእንጨት እጀታዋ በእጃቸው ላብ የጠቆረ፣ ማንም ድሃ ከገበያ የሚገዛት ተራ ሰንጢ ናት። «ያዛት። ለሰው ስትሰጥ ስለቷን ወደ ራስህ፣ እጀታዋን ወደ ሰው» አሉኝ። «እርስዎስ?» ብላቸው «አንተ እስክትመጣ ጎረቤት ያውሰኛል» አሉ። ሻንጣዬ ውስጥ፣ በርበሬው መሀል ወሸቅኋት።

አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ፒያሳ ሁለት ስልክ ይዞ የሚዞረው ነጋዴም፣ ገበሬውም ኪሱ ውስጥ ሰንጢ አለችው። መፋቂያ ይጠርብባታል፣ ሸንኮራ ይልጥባታል፣ ድግስ ሲጠራ ቁርጡን በእሷ ይቆርጣል። ስልኩን በየጊዜው ይለውጣል፤ ሰንጢው ግን ተስላ ተስላ እስክትሳሳ ከጌታዋ ጋር ታረጃለች። ሰንጢ የሚቀማው ጠጥቶ ሰው ላይ የመዘዘ ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ይቀሙታል፤ ከዚያ ወዲያ ድግስ ላይ ሥጋውን እንደ ሕፃን ሌላ ሰው ይቆርጥለታል። ከዚህ የባሰ ውርደት አላውቅም።

እዚህ ጀርመን ብርዱን ተውት፣ ሰዉ ይብሳል። ጎረቤቴን ደረጃ ላይ ሰላም ስለው ግድግዳውን ያያል። ዳቧቸው ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ያለ አባዬ ሰንጢ አይበገርልኝም ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አከራዬ ደጃፍ ላይ በፕላስተር የተጠፈረ ፓኬት በጥፍሯ ስትታገል ደረስኩ። አሮጊት ናትና አሳዘነችኝ። እኛ ዘንድ ቋጠሮ የጠበቀበት ሰው ሲታይ ሰንጢ የያዘ ቆሞ አያይም። ከፈትኳትና እንደተማርኩት ስለቷን በመዳፌ ይዤ እጀታዋን ዘረጋሁላት። ኧረ ጩኸት! ፓኬቱን ጥላ ገባችና በሩን ጠረቀመችብኝ። ወዲያው ሁለት ፖሊትሳይ ከች አሉ።

«ይሄን ለምን ያዝክ?» አለኝ አንደኛው።

«መፋቂያ ልጠርብበት።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጥርስ የሚጸዳበት።»

«ጥርስህን በቢላ ነው የምታጸዳው?»

«በእንጨት ነው እንጂ!»

«እንጨቱ የታለ?»

«እናንተ አገር አይበቅልም።»

«ታዲያ ቢላው ምን ያደርጋል?»

«ሥጋም እቆርጥበታለሁ።»

«የማንን ሥጋ?»

«የበሬ ነዋ! ጥሬውን!» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው። ጓደኛው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ።

የአባቴን ሰንጢ በጓንት አንስተው ላስቲክ ውስጥ ከተቷት። ትመለስልኛለች ወይ ብዬ ብጠይቅ «ትወገዳለች» አለኝ፣ እንደ ቆሻሻ። አከራዬም በበሩ ስንጥቅ «ለራስህ ደህንነት ሌላ ቤት ብትፈልግ ይሻላል» አለችኝ። ለራሴ ደህንነት! እግዜር ይይላት።

እሑድ አባዬ ደወሉ። «ሸጋ ነህ?» አሉና አስከትለው «ሰንጢዋስ?» አሉኝ።

ልዋሻቸው አልሆነልኝም። «ቀሙኝ፣ አባዬ።»

 

«ማን ላይ መዘዝካት?»

«ማንም ላይ! አከራዬን ላግዛት ብዬ ነው። እጀታዋን ወደ እሷ አድርጌ ነው የሰጠኋት፣ እርስዎ እንዳሉኝ!»

«ምነው ልጄ፣ ያለ ነገር ሰንጢ የሚቀማ አገር አለ?»

«አለ! ይሄ አገር ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። አባዬ ላይ ጮኼ አላውቅም።

እሳቸው ግን፣ እናቴ እንዳትሰማ ይመስለኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሴትዮዋ ቁስል ሽሯል? ሽማግሌስ ልከሃል?» አሉኝ።